«20 ዓመት» የሚለው ቶኒ እና ሦስት ሳምንት ተከፍቶ የቆየው ቪንቴጅ

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ የምንኖር ስድስት ጓደኛሞች ነን። በየወሩ ተሰባስበን ወይን እንቀምሳለን፤ የተሰማንንም እንነጋገራለን። ባለፈው ተራው የፖርት ወይን ነበር። አንዱ ጓደኛችን ፖርቶ ሄዶ ሲመለስ ከአምራቹ መጋዘን ሦስት ጠርሙስ ገዝቶ መጥቷል፤ አንድ ሩቢ፣ አንድ ‹20 ዓመት› የሚል ቶኒ እና 2003 የተጻፈበት ቪንቴጅ። ቪንቴጁን ከሦስት ሳምንት በፊት ለእንግዳ ከፍቶት ግማሹን ለእኛ አስቀርቶት ነበር። ከሁሉም ውዱ እሱ ሆኖ ሳለ ጣዕሙ የጠፋ ነገር ሆነብን። ሁለታችን ኮምጣጤ ሆኗል አልን፤ የጠርሙሱ ባለቤት ግን ያረጀ ወይን ጠባዩ እንዲህ ነው አለ። ቶኒውን አንዷ ‹የተቆላ ቡና ይሸታል› ስትል፣ ሌላው ‹አክሱሚት ላይ አረቄ የጨመሩበት ይመስላል› አለ። እርግጥ ዕጣን ጨሶ ቡናም እየተቆላ ነበር። ጠርሙሱ ሐሰተኛ ይሆን? ማንኛችን ልክ ነን? የቀረውን ቶኒ ለልጃችን ሠርግ ብናስቀምጠውስ?»

መልስ፦ ሐሰተኛ ነው የሚያሰኝ ምንም ምልክት አልጻፉልኝም፤ ኮምጣጤም አልሆነም። የቪንቴጁ ጣዕም መጥፋቱ ግን እውነት ነው፤ ጥፋቱም የዕድሜው ሳይሆን ተከፍቶ የቆየባቸው የሦስቱ ሳምንታት ነው። በቶኒው ላይ ለተነሣው ክርክር ደግሞ ከወይኑ በፊት መጠየቅ ያለበት ምድጃው ላይ የነበረው ቡና ነው። ለሠርግ ስለማስቀመጥ ላነሡት፣ አታስቀምጡት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጠርሙሶቻችሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱን ጠርሙሶች ደርድሮ «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ መጀመር ራሱ ለጠብ ይዳርጋል። ሦስቱም ፖርት ይባሉ እንጂ ያደጉበት ቤት ለየቅል ነው። የሚጋሩት መነሻቸውን ብቻ ነው። ፖርት በሰሜን ፖርቱጋል፣ በዶውሮ ወንዝ ሸለቆ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ከሚበቅል ወይን ይሠራል። አካባቢው በ1756 በወቅቱ የፖርቱጋል ኃያል ሚኒስትር በነበረው በማርኪስ ፖምባል ትእዛዝ በሕግ ተከልሎ፣ ድንበሩ በግራናይት ምሰሶዎች ምልክት ተደርጎበታል፤ ምክንያቱም በስሙ የሚነግዱ አጭበርባሪዎች በዝተው ስለነበር ነው። ጭማቂው መብላላት በጀመረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ገደማ፣ የፍሬው ስኳር ግማሽ ያህሉ ገና ሳያልቅ፣ ከወይን የወጣ 77 ከመቶ አልኮል ያለው አረቄ ይጨመርበታል። መጠኑ በግምት ለአራት እጅ ጭማቂ አንድ እጅ አረቄ ነው። እርሾው ያንን ኃይል አይችልምና ሥራውን ያቆማል፤ ሳይበላው የቀረው ስኳርም እዚያው ይቆያል። የሚገኘው ከ19 እስከ 22 ከመቶ አልኮልና በሊትር 100 ግራም ገደማ ስኳር ያለው መጠጥ ነው።

ስለዚህ «አረቄ የጨመሩበት ይመስላል» ያለው ጓደኛችሁ ሊሳቅበት አይገባም፤ በእርግጥም ተጨምሮበታል። መጠየቅ ያለበት አረቄው ለምን ተለይቶ ወጣ የሚለው ነው። በደንብ በተሠራና በበሰለ ፖርት አልኮሉ ከፍሬው ጋር ይዋሐዳል፤ ጉሮሮን ያሞቃል እንጂ አፍንጫን አይወጋም። አፍንጫ የወጋ ከሆነ በመጀመሪያ የምጠረጥረው የወይኑን ሙቀት ነው። ስድስት ሰው በተሰበሰበበት፣ እሳትም በተያያዘበት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ቶኒ በቀላሉ ከ22 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሆናል፤ ያኔ ከብርጭቆው ቀድሞ የሚወጣው አልኮሉ ነው። ቶኒ ከ12 እስከ 16 ዲግሪ፣ ሩቢና ቪንቴጅ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆኑ ነው በትክክል የሚናገሩት። ቶኒውን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ከሃያ ደቂቃ በኋላ መቅዳት ይበቃል።

አረቄው ከተጨመረ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ የፖርትን ጣዕም ለመረዳት ከዚህ የሚበልጥ ቁልፍ የለም። አንዱ መንገድ አየርን መሸሽ ነው። ሩቢ በትላልቅ ገንዳዎችና በርሜሎች ውስጥ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ቀለሙ ደም እንደመሰለ፣ ፍሬው ትኩስ እንደሆነ ይታሸጋል። ቪንቴጅ ከአንድ ጥሩ ዓመት መከር ብቻ ተመርጦ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ያህል እንጨት ውስጥ ከቆየ በኋላ ሳይጣራ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የሚበስለው ያለ አየር፣ በጨለማ፣ ከዝቃጩ ጋር ነው። ሁለተኛው መንገድ የቶኒ ነው። ቶኒ ብዙውን ጊዜ 550 ሊትር ገደማ በሚይዝ አሮጌ የእንጨት በርሜል ውስጥ ይኖራል፤ በእንጨቱ በኩል ጥቂት በጥቂት አየር እየነካው፣ መጠኑም በትነት እየቀነሰ ያረጃል። ቀይነቱ ወደ ሸክላ፣ ከዚያም ወደ ማር ቀለም ይሄዳል። እንጆሪ የሚሸተው ፍሬ ይደርቅና ዘቢብ፣ ተምር፣ በለስ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የተቆላ ለውዝ ይሆናል። በርሜሎቹ የሚያርፉበት ቦታም ለውጥ ያመጣል፤ ለባሕር ቅርብ በሆነችው በቪላ ኖቫ ደ ጋያ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ሲያረጅ ዝግ ይላል፣ በዶውሮ ሙቀት ሲያረጅ ደግሞ ፈጠን ብሎ የተቃጠለ ስኳር ጠባይ ያመጣል።

እንግዲህ ቪንቴጁ ከአየር ተደብቆ የኖረ ነው፤ አንድ ቀን ቡሹ ተነቅሎ ግማሽ ጠርሙስ አየር ሲገባበት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። መጀመሪያ መዓዛው ይከፈታል፣ ያምራል፤ በማግስቱም ደህና ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ፍሬው መክሰም ይጀምራል። በሦስት ሳምንት የሚቀረው ስኳር፣ አልኮልና የአሲዱ መውጋት ብቻ ነው። «ኮምጣጤ» ያላችሁት ይህንን የቀረ አሲድ ነው። ወይንን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች 20 ከመቶ አልኮል ውስጥ መሥራት አይችሉም፤ ስለዚህ ፖርት በእነሱ አይበላሽም። አሲዱ ዱሮም ነበረ፤ ይሸፍነው የነበረው ፍሬ ሲሄድ ራቁቱን ቀረ። ባለቤቱ «ያረጀ ወይን ጠባዩ ነው» ማለቱም ልክ አይደለም። 2003 በመላው አውሮፓ ኃይለኛ ሙቀት የነበረበት ዓመት ነው፤ አብዛኞቹ የፖርት አምራቾችም ዓመቱ ለቪንቴጅ ይበቃል ብለው አውጀውበታል። በጥሩ ሁኔታ የተቀመጠ የዚያ ዓመት ጠርሙስ ዛሬም ሥጋና ጉልበት ሊኖረው ይገባል።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጡልኝ። ጠርሙሱ ላይ ዓመት መጻፉ ብቻውን ቪንቴጅ አያሰኘውም። «ኮልየይታ» የሚባል ሌላ ዓይነት አለ፤ እሱም የአንድ ዓመት መከር ነው፣ ነገር ግን ቢያንስ ሰባት ዓመት በእንጨት በርሜል ውስጥ ያረጀ ቶኒ ነው። ሁለቱ ላይ 2003 ሊጻፍ ይችላል፤ ጣዕማቸው ግን አይገናኝም። ኮልየይታ ከሆነ የታሸገበት ዓመት ጭምር ተጽፎበት ታገኙታላችሁ፣ ቀለሙም ወደ ቡናማ ያደላል። እንዲያ ከሆነ ሦስት ሳምንት ይህን ያህል ሊጎዳው አይገባም ነበርና ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ይሆናል፦ በበጋ መኪና ውስጥ የዋለ ጠርሙስ፣ ወይም ወይኑን እርጥብ ካርቶን የሚያሸት የታመመ ቡሽ። የጠርሙሱ አንገት ላይ በውጭ በኩል የደረቀ ተጣባቂ ፍሳሽ ካለ፣ ወይም ቡሹ ወደ ላይ ገፍቶ ከወጣ፣ ሙቀት እንዳገኘው ይጠርጥሩ።

የከፈቱትን ምን ያህል ጊዜ ማቆየት እንደሚቻል በግምት ይህን ያዙ። ቪንቴጅ በዚያው ምሽት፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ይለቅ። በእንጨት ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ቆይቶ የሚታሸገው ኤል ቢ ቪ (ዘግይቶ የታሸገ ቪንቴጅ ማለት ነው) አራት አምስት ቀን ይችላል። ሩቢ አሥር ቀን ገደማ። ቶኒ አየሩን ቀድሞ ስለለመደው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስትና አራት ሳምንት ይቆያል። ቪንቴጅ ማትረፍ የግድ ከሆነ፣ የተረፈውን በትንሽ ንጹሕ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቶ መክደን የተወሰነ ቀን ያተርፋል፤ ተአምር ግን አይሠራም።

ቪንቴጅ ሲቀዳ የሚደረገውን ጥንቃቄም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ለእንግዳው ሲቀዳ ተነሥቶ ተመልሶ የተቀመጠ ጠርሙስ ዝቃጩ ተበጥብጦ ወይኑን ምሬት ያለብሰዋልና። ጠርሙሱን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ቀን ሙሉ አቁሙት። ቡሹ ከሃያ ዓመት በላይ ወይን የጠገበ ስለሆነ በቀላሉ ይፈረፈራል፤ መክፈቻውን እስከ ታች አዝልቃችሁ በዝግታ ሳቡት። ከዚያ ከጠርሙሱ አንገት ሥር የእጅ ባትሪ ወይም ሻማ አብርታችሁ፣ ወይኑን ወደ ሰፊ ማንቆርቆሪያ ሳታቋርጡ፣ ጠርሙሱን ሳትመልሱ፣ በአንድ ፍሰት አውርዱት። በመጀመሪያ ብርሃኑ በጠራ ቀይ ውስጥ ያልፋል። መጨረሻው ላይ ከጠርሙሱ ትከሻ አንድ ቀጭን ጥቁር ጅረት ወደ አንገቱ መንሸራተት ይጀምራል። እሱ አንገቱ ሳይደርስ እጃችሁን አቁሙ። የሚቀረው ጥቂት ጣት ነው፤ እሱን ለማትረፍ ሲባል ሌላውን ማደፍረስ አይገባም።

አሁን ወደ «20 ዓመት»። ይህ ቁጥር በብዛት በስሕተት ይነበባል። ቶኒው ውስጥ ያለው ወይን በሙሉ 20 ዓመት ሞልቶታል ማለት አይደለም፤ ከዚያ ያነሰም የበለጠም ዕድሜ ያላቸው ብዙ በርሜሎች ተቀይጠው የሚገኝ ጣዕም ነው። ቅይጡ «የ20 ዓመት» የሚያሰኝ ጠባይ እንዳለው የሚያረጋግጡት የዶውሮና የፖርት ወይን ተቋም ቀማሾች ናቸው፤ ከጠርሙሱ አንገት ላይ የሚለጠፈውን ቁጥር ያለው የዋስትና ወረቀት የሚሰጠውም ይኸው ተቋም ነው። ለእናንተ የበለጠ የሚጠቅመው ከኋላ የተጻፈው የታሸገበት ዓመት ነው። ቶኒ መብሰሉን የሚጨርሰው በርሜል ውስጥ ነው፤ ከታሸገ በኋላ አይሻሻልም፣ ቀስ እያለ ትኩስነቱን ያጣል እንጂ። ስለዚህ በቅርብ የታሸገውን ምረጡ፣ ገዝታችሁም ጠጡት። ለሠርግ ማስቀመጥ የቶኒ ነገር አይደለም፤ የተከፈተ ቶኒ ደግሞ ጨርሶ።

ለልጃችሁ ሠርግ የሚሆን ፖርት ከፈለጋችሁ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ያልተከፈተ ቪንቴጅ አሁን ገዝቶ ማስቀመጥ ነው፤ ግን አጋድሞ፣ በጨለማ፣ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ በማይለዋወጥ ቅዝቃዜ መሆን አለበት። የኩሽና መደርደሪያ ይህን አይሰጥም። ቪንቴጅ በየዓመቱም አይታወጅም፤ በአሥር ዓመት ሦስት ጊዜ ያህል ነው፣ የልጃችሁ የልደት ዓመት ላይኖርበት ይችላል። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው ኮልየይታ ነው። ቤቶቹ በብዙ ዓመት በርሜል ውስጥ ያቆዩታል፤ ሠርጉ ሲቃረብ የልደቱን ዓመት መከር፣ አዲስ የታሸገውን ፈልጋችሁ ትገዛላችሁ። የማስቀመጡን ጣጣ አምራቹ ችሎላችኋል።

የቡናው ነገር። ያረጀ ቶኒ የተቆላ ነገር ይሸታል፤ ቡናም ሊሸት ይችላል። ስለዚህ «የተቆላ ቡና» ያለችው ጓደኛችሁ ትክክል ልትሆን ትችላለች። ነገር ግን ዕጣን በጨሰበትና ቡና በሚቆላበት ክፍል ውስጥ ከተባለ፣ የብርጭቆው ይሁን የምድጃው ማንም ሊያውቅ አይችልም። እንግዳ ተቀባይነታችን የሚያምረው በመዓዛ ነው፤ ቀጤማው፣ ዕጣኑ፣ የሚቁላላው ሽንኩርት። ለቅምሻ ግን ሁሉም ጠላት ነው፤ ሽቶም ጭምር። ፖርቶ ከተማ ውስጥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የብሪታንያ ፖርት ነጋዴዎች የሠሩት ፋክቶሪ ሃውስ የሚባል ሕንጻ አለ። ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ተመሳሳይ የመመገቢያ አዳራሾች አሉት፤ ምግቡ በአንዱ ይበላና እንግዶቹ ተነሥተው ፖርታቸውን ለመጠጣት የምግብ ሽታ ወደሌለበት ወደ ሁለተኛው ይሻገራሉ። እናንተ ሁለት አዳራሽ አያስፈልጋችሁም። ቅምሻው ይቅደም፣ ቡናው ይከተል፤ ይኸው ነው። ዶሮ ወጡም ከቅምሻው በኋላ ይምጣ፤ አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፣ በርበሬውም የወይኑን ፍሬ ያደነዝዛል። በመሃል ለአፍ ማጽጃ ውኃና ጨው ያልበዛበት ዳቦ ይበቃል።

ለአንድ ሰው በአንድ ወይን 40 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ብርጭቆው ከላይ ጠበብ ያለ፣ እስከ ሲሶው ብቻ የሚሞላ ይሁን፤ ፖርቱጋላዊው አርክቴክት አልቫሮ ሲዛ ለፖርት የነደፈው ብርጭቆ አለ፣ እግሩ ላይ ለአውራ ጣት ማረፊያ ስርጉድ ተሠርቶለታል። እሱ ባይገኝ ተራ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይሆናል፤ የአረቄ መለኪያ ግን አይሆንም፣ መዓዛ የሚሰበሰብበት ቦታ የለውምና። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ ስድስት ዓይነት በ40 ሚሊ ሊትር ከቀመሳችሁ፣ የዋጣችሁት አልኮል ከግማሽ ጠርሙስ ተራ ወይን ጋር እኩል ነው። ጣፋጭነቱ ይህን ይደብቃል። መትፊያ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፤ መትፋት ነውር አይደለም፣ የሙያው ደንብ ነው። መኪና ይዞ የመጣ ሰው መትፋቱ ብቻ በቂ ስለማይሆን በታክሲ ይመለስ። የስኳር ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳይጠይቅ፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ ጨርሶ አትቅመስ።

አሁን ዋናው፣ አስተያየት የመለዋወጡ ነገር። ከጻፉልኝ እንደተረዳሁት ሁለታችሁ «ኮምጣጤ» እንዳላችሁ ጠርሙሱን ያመጣው ባለቤት መለሰ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ሁሉ ወይ እሱን መደገፍ ወይ እሱን መቃወም ሆነ። በእኛ ደግሞ ታላቅ ወይም ጋባዥ ከተናገረ በኋላ «ለእኔስ እንዲያ አልመሰለኝም» ማለት ይከብዳል። የቡና ቀማሾች ይህን ያውቁታል፤ በጸጥታ ይቀምሳሉ፣ ወረቀታቸው ላይ ይጽፋሉ፣ የሚነጋገሩት በኋላ ነው። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። አሥር ደቂቃ ዝምታ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ወረቀትና እርሳስ፤ ከዚያ ልምድ ያነሰው ይጀምር፣ ጠርሙሱን ያመጣው መጨረሻ ይናገር።

ምን ይጻፍ? ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ አጋድላችሁ የወይኑን ጠርዝ እዩ፤ ወጣት ሩቢ እስከ ጠርዙ ወይን ጠጅ ቀለም ነው፣ ያረጀ ቪንቴጅ ጠርዙ ይነጣል፣ ቶኒ ማር ይመስላል። ሳታወዛውዙ አሽትቱ፤ ከዚያ አወዛውዛችሁ ድገሙ። አፍ ውስጥ አራት ነገር ለዩ፦ ጣፋጭነቱ፣ ያንን የሚያመዛዝነው አሲድ፣ ድድ ላይ የሚያጨማድደው ታኒን፣ የአልኮሉ ሙቀት። ከዋጣችሁ ወይም ከተፋችሁ በኋላ ጣዕሙ ምን ያህል እንደቆየ ሰዓት እያያችሁ ቁጠሩ። ለመዓዛው የምታውቁትን ስም ስጡ። ከመጽሐፍ የተቀዳ፣ አሽትታችሁት የማታውቁትን ፍሬ አትጻፉ። ኮረሪማ፣ ቅርንፉድ፣ የደረቀ በለስ፣ የፈላ ማር፣ እንጆሪ፣ ቁንዶ በርበሬ፤ ስድስታችሁም የምታውቁት ስለሆነ ትግባባላችሁ። «ደስ ይላል»፣ «ከባድ ነው» የሚል ጽሑፍ ለሌላው ሰው ምንም አይነግርም። ከጣዕሙ ጎን ደግሞ መቼ እንደታሸገ፣ መቼ እንደተከፈተና በምን ያህል ቅዝቃዜ እንደቀረበ ይጻፍ። ይህ ቢጻፍ ኖሮ የቪንቴጁ ክርክር በአንድ ዓረፍተ ነገር ባለቀ ነበር።

«ማንኛችን ልክ ነን?» ላሉት፣ ሁለት ዓይነት አስተያየት ለዩ። የሚረጋገጥ አለ፤ ወይኑ ደብዝዟል፣ ሙቀት መትቶታል፣ ቡሹ ታሞ እርጥብ ካርቶን ይሸታል። እዚህ ላይ በድምፅ ብልጫ አትወስኑ፤ የታመመ ቡሽ ከስድስት ሰው ለአንዱ ብቻ ሊሸተው ይችላል፣ እሱም ትክክል ነው። የማይረጋገጥም አለ፤ ጣፋጭ በዛብኝ፣ ቶኒ ከሩቢ ይጥመኛል። ለምሬትና ለጣፋጭ ያለን ስሜት ከሰው ሰው ይለያያልና በዚህኛው ማንም ማንን ሊያርም አይችልም። ውድ ስለሆነ ብቻ ይወደድ የሚል ሕግም የለም።

የምመክራችሁ ቁርጥ ያለ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የቶኒ ቤተሰብ ብቻ ይቅረብ፦ ከአንድ አምራች የ10 ዓመትና የ20 ዓመት፣ ከሌላ አምራች ደግሞ አንድ የ10 ዓመት፤ ሦስቱም በዚያው ቀን የተከፈቱ፣ በወረቀት ተጠቅልለው ቁጥር የተሰጣቸው። ሸፍኖ መቅመስ የሚጠቅመው እንዲህ ባሉ ተቀራራቢ ወይኖች መካከል ነው፤ ሩቢን ከቶኒ ቀለሙ ራሱ ይለየዋል። ከዚያ በኋላ ባለው ወር ሁለት ያልተጣራ ኤል ቢ ቪ እና አንድ ሩቢ ቅመሱ፤ የቪንቴጅን ጠባይ በአነስተኛ ዋጋ የሚያስተምረው ኤል ቢ ቪ ነው። ሌላ ቪንቴጅ የምትገዙት ስድስታችሁም በአንድ ምሽት ልትጨርሱት የተስማማችሁ ቀን ብቻ ይሁን። ከ2003ቱ የተረፈውን አትድፉት፤ በትንሽ እሳት እስኪወፍር አፍልታችሁ በተቀቀለ ፒር ላይ አፍስሱት።